ኦርጅናል ነው ፎርጅድ? የድሮ ጦር መሳሪያ ዕቃ ሰብሳቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጠመንጃና ከሽጉጥ ጋር አብረው ስለሚሄዱ የድሮ ዕቃዎች ናቸው፣ ሳንጃ፣ ዝናር፣ ካዝና (የጥይት መያዣው)፣ የሽጉጥ ማህደር ምናምን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ዕቃዎቹ ላይ የተመታውም እሱ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የእንግሊዝ ሳንጃ ገዛሁ፣ ስለቱ ላይ ከእጀታው አጠገብ ዘውድ አለ፣ ከስሩ 1907 ይላል። እጀታውና ስለቱ መሀል ያለው መስቀለኛ ብረት ደግሞ ወደፊት የታጠፈ መንጠቆ አለው። ሻጩ በ1907 የተሰራ ነው፣ ባለ መንጠቆ ደግሞ ብርቅ ነው ብሎ ከተራው እጥፍ ድርብ አስከፈለኝ። ከ1907 ስር በትንንሹ 3 '17 የሚልና ዊልኪንሰን የሚል ጽሑፍም አለ። ተሸውጄ ይሆን? (ጀማሪ ሰብሳቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መንጠቆው ላይ ተሸውደሃል፣ ሳንጃው ራሱ ግን እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ተናደህ እንዳትወረውረው። 1907 የሚለው የተሰራበት ዓመት ሳይሆን የሞዴሉ ስም ነው፣ በ1940ዎቹ የተሰራውም ላይ ያው 1907 ተመትቶ ታገኘዋለህ። የተሰራበትን የሚነግርህ ያ ትንሹ ቁጥር ነው፣ 3 '17 ማለት መጋቢት 1917 ማለት ነው። እንግሊዞች ደግሞ መንጠቆውን በ1913 አስቀርተውታል፣ ከዛ በኋላ ለጥገና የገቡትንም እየቆረጡ አስተካክለዋቸዋል፣ ባለ መንጠቆው ዛሬ ብርቅና ውድ የሆነው ለዚህ ነው፣ አስመሳዮቹም ተራውን ሳንጃ አንስተው መንጠቆ የሚበይዱበት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1917 ዊልኪንሰን ከፋብሪካው በመንጠቆ አላወጣውም።

በዓይንህም ማረጋገጥ ትችላለህ። እውነተኛው መንጠቆ ከመስቀለኛው ብረት ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ነው የተቀጠቀጠው፣ እንግዲህ ማጉያ መነጽር ያዝና መንጠቆው ከብረቱ የሚገናኝበትን ቦታ ከሁሉም ጎን እየው፣ የብየዳ መስመር፣ የሞረድ ጭረት፣ ወይ እዛጋ ብቻ የተለወጠ የብረት ቀለም ካየህ አለቀ። አንዳንዱ ብየዳውን ለመደበቅ ሙሉውን በአሲድ አጥቁሮ ያመጣዋል፣ እንዲህ ሲሆን ደግሞ የዝገቱና የጥቁረቱ መጠን በሁሉም ቦታ እኩል ይሆናል፣ እጅ የሚነካውም የማይነካውም አንድ ዓይነት፣ በአገልግሎት ያረጀ ብረት ግን እንደዛ አያረጅም፣ ከአፎቱ ጋር የሚፋተገው ጎን ይነጣል ጥጋጥጉ ይጠቁራል።

ሌላም ነገር እይልኝ። የእጀታው ጫፍ ብረት ላይ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ክብ ቀዳዳ አለ? ጠመንጃው ላይ የሚገጠምበት ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባው ጭቃ እንዲወጣ ብለው በ1916 የጨመሩት ነው። ያንተ የ1917 ስለሆነ መኖር አለበት። ከዛ በፊት የተሰሩት ላይ ግን ቆይቶ የተበሳም አለ ሳይበሳ የቀረም አለ፣ ስለዚህ በአሮጌ ሳንጃ ላይ ቀዳዳ ስላየህ ብቻ ፎርጅድ እንዳትል። በስለቱ በሌላኛው ጎን ደግሞ የእንግሊዝ መንግስት ንብረት ምልክት የሆነችው ቀስት እና ስለቱ ታጥፎ መፈተኑን የሚያሳየው ኤክስ መኖር አለባቸው። እነዚህ ከተሟሉ የ1917 ትክክለኛ ሳንጃ ይዘሃል፣ የተራውን ዋጋ ያወጣል። መንጠቆውን ራስህ ለመቁረጥ አትሞክር፣ በላዩ ላይ ሌላ ጉዳት ነው የምትጨምርበት።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ የሸራ ዝናር ነው፣ ባለ 10 ኪስ፣ ውስጡ በቀለም 1942 ተብሎ ታትሞበታል። ጓደኛዬ በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት አይቶት አብርቷል ስለዚህ ኮፒ ነው አለኝ፣ እኔ ግን ስይዘው አሮጌ ነው የሚመስለኝ፣ ማንን ልመን? (ግራ የተጋባች)

መልስ፦ እህቴ፣ የጓደኛሽ ዘዴ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ብቻውን አይፈርድም። ጨርቅ ነጭ እንዲመስል የሚጨመሩት የሚያበሩ ኬሚካሎች በስፋት የገቡት ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ የ1942 ጥጥ በዩቪ ስር ፈዞ ነው መታየት ያለበት፣ አዲስ ጨርቅ ግን ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ይላል። ችግሩ እነዚሁ ኬሚካሎች የዛሬ የልብስ ሳሙና ውስጥም አሉ! አንድ የዋህ ባለቤት አንድ ቀን በኦሞ አጥቦት ከነበረ ኦርጅናሉም ያበራል። በተቃራኒው ደግሞ ነጭ ባልተደረገ ጥጥ የተሰራ ኮፒ ጨርሶ ላያበራ ይችላል።

ስለዚህ የሚያበራው የት እንደሆነ እይ። ታጥቦ ከሆነ ብርሃኑ ደመና ደመና እየሆነ ላዩ ላይ ይበተናል፣ ስፌቱ ክር ብቻ እንደ መስመር ተለይቶ የሚያበራ ከሆነ ግን ወይ በኋላ ተጠግኗል ወይ አዲስ ነው። ክሩን ራሱን በማጉያ እይው፣ የተበጠሰ ጫፉ እንደ ጥጥ የሚባዝት ነው ወይስ እንደ ፕላስቲክ የሚያብለጨልጭ? ፖሊስተር ክር ከሆነ 1942 ላይ አልነበረም። ማህተሙንም እይ፣ የድሮ ቀለም ክሩ ውስጥ ገብቶ ከሸራው ጋር አብሮ ነው የሚደበዝዘው፣ ኪሱ ተፍቆ ሸራው ነጥቶ ማህተሙ ግን ጥቁር ሆኖ ላዩ ላይ ከተቀመጠ ያ ማህተም የኋላ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ከመብራቱ ይልቅ የማህተሙና የሸራው እርጅና መመጣጠን ይበልጥ ያሳምነኛል። እና እባክሽ፣ እንዳታጥቢው።

ጥያቄ፦ የ1917 ሉገር የሚባለው የጀርመን ሽጉጥ ካዝና አቀረቡልኝ፣ ቁጥሩ ከሽጉጤ ቁጥር ጋር አንድ ነው፣ ይገርማል! ከቁጥሩ ጎን የመደመር ምልክት አለ፣ እሱ ምንድነው? ዋጋው ግን ከባድ ነው።

መልስ፦ የመደመር ምልክቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ለሽጉጡ ሁለት ካዝና ይሰጥ ስለነበር ሁለተኛው በሱ ነው የሚለየው። የሚያሳስበኝ ቁጥሩ በአጋጣሚ መግጠሙ ነው። ሻጩ የሽጉጥህን ቁጥር አስቀድሞ ያውቅ ነበር? ፎቶ ልከህለት ነበር? ከሆነ በጣም ተጠንቀቅ፣ ቁጥር መምታት ለአስመሳይ የአንድ ሰዓት ስራ ነው።

መጀመሪያ ፊደሉን አስታውስ። ጀርመኖች ቁጥራቸው 10000 ሲሞላ እንደገና ከ1 ጀምረው ፊደል ይጨምሩበት ነበር፣ ስለዚህ አራቱ አሃዝ ገጥሞ ፊደሉ ካልገጠመ የሌላ ሽጉጥ ካዝና ነው። ከዛ የታችኛውን መያዣ እየው፣ የ1ኛው የዓለም ጦርነት የእንጨት ነው። ካዝናው ላይ ኤፍ ኤክስ ኦ የሚሉ ሦስት ፊደላት ካሉ የሄኔል ፋብሪካ የ2ኛው ጦርነት ኮድ ስለሆነ በምንም ተአምር ከ1917 ሽጉጥ ጋር አብሮ አልወጣም። እንጨቱ ላይ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ከአካባቢው ጎድጎድ ካለ ወይ እዛ ብቻ ከነጣ የድሮው ቁጥር ተፍቆ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ምት ውስጡ ቆሻሻና ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ የአዲስ ምት ጠርዝ ስል ነው፣ የእንጨቱ ጭረትም ንጹህ ሆኖ ይታያል። 

ደግሞ ካዝና በአንዳንድ ሀገር ሕግ እንደ መሳሪያ አካል ይቆጠራል፣ ሽጉጥ ላይ የሚገጠም የእንጨት ሰደፍም እንደዛው፣ ከመክፈልህ በፊት የምትኖርበትን ሀገር ሕግ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የቆዳ የሽጉጥ ማህደሬ ደርቆ እየተሰነጠቀ ነው፣ በናስ አዝራሮቹ ዙሪያም አረንጓዴ ነገር ወጥቷል። ዘይት ልቀባው?

መልስ፦ አትቀባው! ይሄንን ጥያቄ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል፣ ብዙ ጥሩ ማህደሮች በዘይት ነው የሞቱት። ዘይት ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ያላላዋል፣ የስፌቱን ክር ያበሰብሳል፣ ማህተም ካለው ያደበዝዘዋል፣ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ቆዳው ቀይ ዱቄት እየሆነ እጅህ ላይ የሚቀር ከሆነ ቆዳው ራሱ በአሲድ እየተበላ ነው፣ ያንን ዘይት አይመልሰውም፣ ባለሙያ ይየው። አረንጓዴው የናሱ መዳብ በቆዳው ውስጥ ካለው ስብ ጋር ተዋህዶ የሚፈጠር ነው፣ በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ቀስ ብለህ አንሳው፣ በብረት እንዳትነካው። ውስጡን ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት ሞልተህ ቅርጹን አስይዘው፣ ከፀሐይ አርቀው፣ የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሽጉጥም ሆነ ሳንጃ ቆዳ ውስጥ ከትተህ አታቆይ፣ ቆዳው እርጥበትና አሲድ ስለሚይዝ ብረቱን ያዝገዋል።

ጥያቄ፦ የጀርመን ኤምጂ መትረየስ ተኳሽ የሚይዘው የቆዳ ቦርሳ ገዛሁ፣ ውስጡ ግራጫ ወፍራም ጨርቅ አለ፣ ጠርዙ እየተበተነ ነው። ምንድነው?

መልስ፦ የጋለ አፈሙዝ ሲቀየር እጅ እንዳይቃጠል የሚያዝበት ነው፣ የተሰራውም ከአስቤስቶስ ነው፣ እሳት የማይበላው ግን ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን። አታራግፈው፣ አታጥበው፣ አታሽትተው። ትንሽ ውሃ እርጭበትና ሳታሻሸው በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽገው፣ ከረጢቱ ላይ አስቤስቶስ ብለህ ጻፍበት። ለማየት የሚመጣ ሰው ከነፕላስቲኩ ይየው፣ የሚገዛህም ካለ አስቤስቶስ መሆኑን ሳትነግረው እንዳትሸጥለት።