ከጡጫው በኋላ ያለችው ቅጽበት

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ፣ በግል ወጪ የተሠራ የጃፓን አክሽን ኮሜዲ ፊልም አየሁ። ሦስት ተዋንያን በአንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ይደባደባሉ፤ ካሜራው ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም። ያም ሆኖ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው ፊልሞች ይበልጥ አሳቀኝ። ያለ ገንዘብ እንዲህ ያለ ድብድብ እንዴት ይቀረጻል? ሳቁስ ከየት መጣ?

መልስ፦ የካሜራው አለመንቀሳቀስ፣ በእኔ እምነት፣ የሳቁ ዋና ምንጭ ነው። በትልልቅ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ ጡጫው ለብቻው፣ የተመታው ሰው ፊት ለብቻው እየተቆራረጠ ስለሚቀርብ ተመልካቹ ይደነግጣል እንጂ ለመሳቅ ፋታ አያገኝም፤ እዚህ ግን መቺው፣ ተመቺውና ግራ ገብቶት ከኋላ የቆመው ሦስተኛው ሰው በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ጃፓኖች በንግግርም ሆነ በእንቅስቃሴ መካከል ለምትገኘው ባዶ ቅጽበት «ማ» የሚል ስም አላቸው። «ማንዛይ» በሚባለው የሁለት ሰዎች የመድረክ ቀልድ «ቦኬ» የተባለው የጅል ነገር ይናገራል፤ «ጹኮሚ» የተባለው ያርመዋል፣ አንዳንዴም አናቱን ጠፍ ያደርገዋል። ጥፊዋ ጊዜዋን ካልጠበቀች ቀልዱ ይከሽፋል። የእርስዎ ፊልም ጥፊዋን ወደ ጡጫ ያሳደገ ይመስለኛል።

የድብድቡ ብልሃት ርካሽ፣ ልምምዱ ግን አድካሚ ነው። ካሜራው ክፍተቱ በማይታይበት አቅጣጫ ይተከላል፤ ጡጫው ከፊት አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ያልፋል፤ ተመቺው አንገቱን በሰዓቱ ያዞራል፤ ድምፁ ኋላ በኤዲቲንግ ይገባል። በሳሙራይ ፊልሞች በሰይፍ ተመትቶ መውደቅን ሙያቸው ያደረጉ «ኪራሬያኩ» የሚባሉ ተዋንያን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በራስ ወጪ የሚሠራ ፊልም በጃፓን «ጂሹ ኤይጋ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረው የፒያ ፊልም ፌስቲቫል ለእንዲህ ያሉ ሥራዎች መድረክ ሆኖ ቆይቷል። የሺንኢቺሮ ኡዬዳ ፊልም ረጅምና የዞምቢ ኮሜዲ ቢሆንም (ርእሱ በአማርኛ «ካሜራውን እንዳታቆሙ» እንደማለት ነው) ለጥያቄዎ ይጠቅማል፤ በ3 ሚሊዮን የን ገደማ ተሠርቶ፣ 37 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ የተቀረጸ ትዕይንት ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በቶኪዮ ሁለት ሲኒማ ቤቶች ከጀመረ በኋላ ከ3 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል።

ፊልሙን ዳግም ሲያዩት ድምፁን አጥፍተው የሚወድቀውን ሰው ብቻ ይከታተሉ፤ ጡጫው ሳይደርስበት አንገቱ መዞር ሲጀምር ያዩት ይሆናል።