አባቴ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በልብስ ስፌት ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ እጃቸው እየደነዘዘ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው። መቀስ ከእጃቸው ይወድቃል። ኮብልስቶን ላይ ሲሄዱ ይደናቀፋሉ። ወደ ስፌት መኪናው ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ከአንገታቸው ወደ ወገባቸው እንደ ኮረንቲ ይነዝራቸዋል። አንገታቸውን ግን እምብዛም አያማቸውም። ኤም አር አይ ተነሥተው በ5ኛውና በ6ኛው፣ በ6ኛውና በ7ኛው የአንገት አጥንት መካከል ዲስክ ተንሸራቶ ሕብለ ሰረሰራቸውን ተጭኗል ተባለ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ብሏል። ዘመድ ጎረቤቱ «አንገት ከተነካ ሽባ መሆን ነው» እያለ አስፈራራቸው። ወጌሻ ይሻላል የሚሉም አሉ። እሳቸውም «ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ» ብለው ቁጭ ብለዋል። ምን ይሻለናል?
የልብስ ሰፊው ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የነካው መርፌው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ክፍሌ ሲገባ ከፊልሙ በፊት የማየው እጁን ነው። ሸሚዙን ፈትቶ መልሶ እንዲቆልፍ እጠይቀዋለሁ። ጣቶቹ ቀዳዳውን ሲስቱ፣ በዐይኑ ካላየ ቁልፉን መያዝ አለመያዙን ሳያውቅ ሲቀር፣ ችግሩ ከአንድ ነርቭ አልፎ ሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም ከአንጎል ወርዶ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ ላይ መድረሱን እጠረጥራለሁ። ከዘጌ በኩል የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅም መረቡን መቋጠር አቃተኝ ብሎኝ ነበር። አንገቱን አያመውም ነበር።

ዲስክ በአጥንቶቹ መካከል ያለ ትራስ ነው። በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሳሳል፤ ዙሪያውን ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ይህ ወደ ክንድ የሚወጣውን ነርቭ ብቻ ከቆነጠጠ ክንድ ይጠዘጥዛል፤ ብዙው ሰው ግን በ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ይሻለዋል፣ ቢላም አያስፈልገውም። የአባትሽ ሌላ ነው። የተጫነው ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ነው። እሱ ሲጎዳ ሕመሙ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ እጅና እግር ግን ይከዳሉ። ስለዚህ «ካላመመኝ» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም። የማስታገሻ ክኒንም ሆነ የአንገት መደገፊያ ጫናውን አያነሳውም።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ። በ10 ሴኮንድ ውስጥ እጃቸውን በፍጥነት ይጨብጡ፣ ይዘርጉ። ጤነኛ ሰው 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ካነሰ ቁጥሩን ጻፊና ለሐኪሙ ንገሪው።

ወጌሻውን በተመለከተ አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ አንገታቸውን ማንም እንዳያሽ፣ እንዳያጣምም። ሕብለ ሰረሰሩ ቦታ ጠቦታል፤ አንድ ጥምዘዛ ወይም ቀላል መውደቅ እንኳ እጅና እግር ሊያሳጣ ይችላል። ጸበል መሄድ ከፈለጉ አትከልክሏቸው። ውኃው ከላይ አንገታቸው ላይ እንዳይወርድ፣ እንዳያንሸራትታቸውም ሰው ይደግፋቸው። ቀጠሮው ግን በዚህ ምክንያት አይለፍ።

አሁን ወደሚፈሩት ነገር ልምጣ። ሁለት ቦታ ስለሆነ ከፊት የሚሠራው ይመስለኛል፤ የሚወስነው ግን ፊልሙን የሚያየው ቀዶ ሐኪም ነው። አንገት ፊት ለፊት፣ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ቆዳው እጥፋት ላይ ይከፈታል። ሐኪሙ የአየር ቧንቧውንና ጉሮሮውን ወደ አንድ ጎን፣ ትልቁን የደም ሥር ወደ ሌላው ገለል አድርጎ አጥንቱ ላይ ይደርሳል። ዲስኩንና ትርፍ አጥንቱን ያወጣል። በቦታው አጥንት ወይም ሰው ሠራሽ መደገፊያ ያስገባል፤ ብዙ ጊዜም በፕሌትና በብሎን ያስረዋል። ይህን ዘዴ አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ስሚዝና ሮቢንሰን፣ ለብቻው ደግሞ ክላውወርድ በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈውታል፤ ስለዚህ አዲስ ሙከራ አይደለም። ብዙ ቦታ ሲጠብብ ከኋላ ይሠራል። ጃፓኖች በዚያው አቆጣጠር በ1970ዎቹ የአጥንቱን ጣሪያ እንደ በር ከፍቶ ሕብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበትን ቦታ ማስፋት ጀምረዋል።

«አንገታቸው ይደርቃል?» ብለው ይጠይቁሻል። ሁለት ቦታ ሲታሰር ትንሽ ይቀንሳል። አንገት ወደ ጎን ከሚዞርበት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ግን ከላይኞቹ ሁለት አጥንቶች ስለሆነ ጎረቤት ሲጠራቸው ዞር ብለው ያያሉ።

አደጋ የለውም አልልሽም። ለመዋጥ መቸገርና የድምፅ መጎርነን የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻላሉ። አጥሚትና ሾርባ ያኔ ይጠቅማል። ትከሻቸው ለጊዜው ሊሰንፍ ይችላል። ኢንፌክሽን አለ። ሽባ መሆንም አለ፤ ግን በጣም ጥቂት ነው። ጎረቤቶቻችሁ የማይነግሯችሁ፣ ሳይታከሙ መቆየትም ወደዚያው ሊያደርስ እንደሚችል ነው። በሽታው ለወራት ቆሞ ድንገት አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ የወረደውን መመለስ ይከብዳል።

እጃቸው ይመለሳል ወይ? የኦፕራሲዮኑ ዋና ዓላማ መባባሱን ማቆም ነው። ከዚያ በላይ ብዙዎች ይሻሻላሉ፤ ትልቁ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ 6 ወር እስከ አንድ ዓመት ውስጥ ይታያል። ቶሎ የተሠራለት ሰው ከቆየው የተሻለ ዕድል አለው። ጥልፍና ቁልፍ ቀዳዳ ሊያስቸግራቸው ይችላል፤ ቀጥ ያለ ስፌት ግን ተስፋ አለኝ። የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ከፍ አድርጉላቸው፤ ጎንበስ ባሉበት ልክ አንገታቸው ይጎዳል። የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ ሲጋራ አጥንቱ እንዳይገጥም ያደርጋል።

አሁን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዳችሁ ለነርቭ ቀዶ ሐኪም እንዲያስተላልፏችሁ ጠይቁ። የተጻፈውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ፕሌቱና ብሎኑ ሆስፒታሉ ውስጥ መኖሩን፣ ካልሆነ እናንተ እንደምትገዙ፣ ጤና መድኑ የቱን እንደሚሸፍን ከቀጠሮው በፊት ጠይቁ፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ይደርስና ቀጠሮው ይራዘምበታል። እስከዚያ ከባድ ነገር አይሸከሙ፣ በባጃጅ ጉድጓድ መንገድ ላይ አይንገጫገጩ። ሽንታቸው አልወጣ ካለ ወይም ካመለጣቸው፣ እግራቸው በአንድ ቀን ከከበደ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።