መልስ፦ መንኮራኩሩን ትተው ጋቢናውን ይቀይሩ
በ1፡87 ልኬት (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ) የተሠራውን ርካሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴልዎን በጠባብ ሐዲድ ይሄድ ወደነበረው የለገሃሩ የድሮ ባቡር ለመለወጥ መንኮራኩሮቹን ማቀራረብ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል። ባይነኳቸው እመክራለሁ፤ አክስሉ ሲያጥር ማርሹና ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ቀጫጭን ነሐሶች ቦታቸውን ይስታሉ፣ ያንን ማስተካከል ደግሞ እጅግ አድካሚ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የቀድሞው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር፣ የእርስዎ ሞዴል የሚሄድበት 16.5 ሚሊ ሜትር የሐዲድ ስፋት በ1፡60 ልኬት ሲሰላ (በ60 ሲባዛ 99 ሴንቲ ሜትር) ከዚያው ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ወደ 1፡60 የሚለወጠው የላይኛው አካል ብቻ ነው። እኔ ፒያሳ ቤቴ ጋቢናውን ከካርቶን ስሠራ አስቀድሜ የቆረጥኩት 29 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው (በ1፡60 ልኬት 1.74 ሜትር የሚሆን) የነጂ ምስል ነበር፤ እርሱ ሳያጎነብስ በበሩ ሲያልፍ ልኩን እንዳገኘሁ አወቅሁ። ቦይለሩን (ውኃ የሚፈላበትን በርሜል) እንዳለ ይተዉት፣ ጭስ ማውጫውን ግን ጥቂት ያስረዝሙት።