መልስ፦ የሥራ ልምድ የሌለው የአካውንቲንግ ምሩቅ ከየት ይጀምር?
በአካውንቲንግ ተመርቀው፣ የሚያዩት ማስታወቂያ ሁሉ የሥራ ልምድ እየጠየቀ መቸገርዎን ጽፈዋል። በእኔ ግምት የባንኮችን የጀማሪ ሠራተኞች ቅጥር ብቻ ከመጠበቅ (የተወዳዳሪው ብዛት ይታወቃል) የትምህርት ማስረጃዎን ይዘው የግል የኦዲትና የሒሳብ አገልግሎት ቢሮዎችን በአካል ዞሮ መጠየቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች (ድርጅቶችና ዓመታዊ ገቢያቸው ከፍ ያለ ነጋዴዎች) እስከ ጥቅምት 30 ዓመታዊ ሒሳባቸውን ማሳወቅ ስላለባቸው፣ ቢሮዎቹ በእነዚያ ወራት ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ረዳትም ይፈልጋሉ። ደመወዙ አነስተኛ ሊሆን ቢችልም ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ሒሳብ መመዝገብንና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቅን በተግባር ይማሩበታል። በሚለቁበት ጊዜ ከደመወዝዎ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ የልምድ ደብዳቤ መቀበልዎን አይርሱ፤ ከግል ድርጅት የተገኘን ልምድ ያለዚህ የማይቀበሉ ቀጣሪዎች ብዙ ናቸው። ጎን ለጎን ሪፖርተር ጋዜጣንና ኢትዮጆብስ የተባለውን የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ይከታተሉ፤ ለመመዝገቢያ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ማስታወቂያ ግን ማመልከቻ አይላኩ።