ራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ የአዳኞች ጥያቄና መልስ

የጥቅምት ብርድ ሲጀምር ደብዳቤዎቻችሁ ወደ አደን ያዘነብላሉ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ የአጋዘን ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ማየት የሚፈልግ ብዙ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ስለ ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ የጠየቃችሁኝ በረከታችሁ። አባቶቻችን አገር ቤት የያዙት ምንሽርና ዲሞትፈር ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ ይቀባበላል። እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችሁ የምትገዙት ግን ምላጩን አንዴ ስትስቡት አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ቀጣዩን ራሱ ይጎርሳል። ደስ የሚለውም የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ጋሼ፣ ብራውኒንግ ባር አለኝ፤ ጥይቱ 30-06 ነው። ሁለት ዓመት በደንብ ሠራልኝ። ዘንድሮ ኢላማ ልሞክር ስወጣ ግን የመጀመሪያው ይተኮስና ቀለሁ ግማሽ ወጥቶ ይነክሳል። ተበላሽቶ ነው? (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

የተበላሸ አይመስለኝም። የቆሸሸ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ፈታኸው? ደብዳቤህ ላይ ስለ መወልወል አንድም ቃል የለም።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ጥይቱ ሲተኮስ ከበርሜሉ ውስጥ ትንሽ ጋዝ በቀጭን ቀዳዳ ይወጣል። ያ ጋዝ ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑ የገፋው ኃይል ቦልቱን፣ ማለትም ጥይቱን ከጀርባ የሚዘጋውን ብረት፣ አዙሮ ይከፍታል፣ ቀለሁን ያወጣል፣ ሞላውን ይጨምቃል። ሞላው ሲመለስ ሌላ ጥይት ይዞ ይገባል። ይህ ሁሉ ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። ስለዚህ ጋዙ ቢደክም ወይም ቀለሁ ከቤቱ አልላቀቅ ቢል መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። አንተ ጋ የሆነው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ምናልባት ሁለቱም።

ጠመንጃውን ባዶ አድርግ። እንዴት እንደሆነ ቀጥሎ ለእህታችን የጻፍኩትን አንብብ። ከዚያ ፊት ለፊት የማንገቻውን ብሎን ፈተህ የፊተኛውን እንጨት ወደፊት ሳበው። ከበርሜሉ ሥር ፒስተኑ ያለበትን ታገኛለህ። በመመሪያው መሠረት አውጣውና ጣትህን አሳልፍበት። ለስላሳ ብረት ሳይሆን እንደ ተቃጠለ ድስት ቂጥ ሸካራ ከሆነ ምክንያቱን አገኘኸው። ጥላሸት በሚፈታ ፈሳሽና በናይለን ብሩሽ አጽዳው፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ ደረቁን መልሰው። ዘይት አትቀባው። የጋዝ ማስተካከያዋን ደግሞ ፋብሪካው በሰጠህ ልክ ተዋት፤ ከሌላ ጠመንጃ ወስደህ አትቀይራት።

ዘይት አትቀባው ያልኩህ ከራሴ ስለማውቀው ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ፒስተኑን እንደ በር ማጠፊያ በዘይት አራስኩት። ዘይቱና ጥላሸቱ ተጋግረው በሚቀጥለው ወቅት እንደ ሬንጅ ጠጠሩ። አጋዘኑ መጣ፣ የመጀመሪያው ጥይት አቆሰለው፣ ሁለተኛው አልጎረሰም። የቆሰለ እንስሳ ጫካ ውስጥ እስኪመሽ ፈለግሁ። አላገኘሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጠመንጃ መወልወል ለእንስሳው ያለብን ግዴታ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቦታ የጥይት ቤቱ ነው፤ ጥይቱ ሲጎርስ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ጀርባ። ሰው በርሜሉን ይወለውልና እሱን ይረሳዋል። እርጥበት ካገኘው ውስጡ ይዝጋል፤ የዛገ ቤት ደግሞ ቀለሁን ነክሶ ይይዛል። ለዚያ ተብሎ የተሠራ አጭር ወፍራም ብሩሽ አለ፤ ግዛው። በርሜሉን ግን ከጀርባ በዘንግ መወልወል ስለማይመችህ በገመድ የሚጎተተውን መወልወያ ከጀርባ አስገብተህ በአፈሙዙ በኩል ሳበው። በዘንግ ከአፈሙዝ የምትገባ ከሆነ የአፈሙዙን ጠርዝ የሚጠብቅ መሪ አድርግበት። ያቺ ጠርዝ ከተጋጠች ኢላማህ ይበላሻል።

ስሙ ግራ ያጋባቸው ስለነበሩ አንድ ነገር ልጨምር። የአንተ ባር በ1967 የወጣ የአደን ጠመንጃ ነው። ወታደሮች የያዙት የ1918ቱ ባር ሌላ መሣሪያ ነው፤ የሚመሳሰሉት በስም ነው።

ባለቤቴ ከአደን ሲመለስ የጥይት ካዝናውን ነቅሎ ጠመንጃውን መኝታ ቤት በር ጀርባ ያቆመዋል። "ባዶ ነው" ይለኛል። ልጆቻችን 9 እና 4 ዓመታቸው ነው። ልመነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ባልሽን እመኚው፤ ጠመንጃውን ግን አትመኚ።

ካዝናው ተነቀለ ማለት ጠመንጃው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ይህ ጠመንጃ ከተኮሰ በኋላ ሌላ ጥይት ራሱ ይጎርሳል ብለናል። ሰውየው አንድ ጥይት ተኩሶ አጋዘኑን ከጣለ፣ ሁለተኛዋ ጥይት ያኔውኑ ቤቷ ገብታለች። ካዝናውን ቢነቅለው እሷ እዚያው ናት። ከውጭ ደግሞ አትታይም። ሌላም ስህተት አለ። ማቀባበያውን መጀመሪያ ስቦ ካዝናውን ኋላ የሚነቅል ሰው አንዷን ያወጣና ከካዝናው ሌላ ያጎርሳታል። "አወጣሁ እኮ" ይላል፤ እውነቱን ነው፤ አውጥቷል። ግን ተክቷል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ወጥ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር። ጣት ከምላጩ ይራቅ። ሴፍቲው ይዘጋ። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀል። ቀጥሎ ማቀባበያው እስከ መጨረሻው ይሳብና ክፍት ይያዝ። ከዚያ በዓይን ይታይ። ከዚያ በትንሿ ጣት የጥይት ቤቱ ይዳሰስ፤ ጨለማ ሲሆን ዓይን ይዋሻል፣ ጣት አይዋሽም። ይህ የሚደረገው ጫካው ውስጥ፣ መኪናው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ቤት ስትገቡ እንደገና ይደረጋል።

በር ጀርባው ደግሞ ዛሬውኑ ይቅር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማቀባበያ ለመሳብ አቅም አለው። የአራት ዓመቱ ደግሞ ምላጭ ለመሳብ አቅም አለው። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ግዙ፣ ጥይቱን ሌላ ቦታ ለብቻው ቆልፉ፣ ቁልፉን ልጆች የሚያውቁት መሳቢያ ውስጥ አታድርጉ። በቨርጂኒያ ሕግም የጎረሰ ጠመንጃ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅን አደጋ ላይ በሚጥል መልኩ በግዴለሽነት መተው ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርም ያው ነበር የምልሽ። ደብዳቤዬን ለእሱ አንብቢለት። እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም ምክር ይስማኝ።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ዜግነት ሳላገኝ የአደን ጠመንጃ መግዛት እችላለሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት እቅማለሁ፤ ችግር አለው? (ከሲያትል)

በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ከነጋዴ ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት የፌዴራሉ ዕድሜ 18 ነው፤ አንተ ያለህበት ዋሽንግተን ግን ለግማሽ አውቶማቲክ 21 ይላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ሰዎች በመርህ ደረጃ ተከልክለዋል። የጸና የአደን ፈቃድ መያዝን የመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ።

ጫቱን በግልጽ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ያፍርበታል። አዎ፣ ችግር አለው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የተመዘገበው። ጠመንጃ ስትገዛ 4473 የሚባል ቅጽ ትሞላለህ። ቅጹ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሆንህን ይጠይቃል። እኛ ጋ ባህል ነው ብሎ የሚቀበልህ የለም። "አልጠቀምም" ብለህ ብትዋሽ ሐሰት መሙላቱ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ መዘዙ እስከ ኢሚግሬሽን ይሄዳል። ማሪዋናም በስቴት ሕግ የተፈቀደበት ቦታ ቢሆን በፌዴራል ቅጹ ላይ እንደዚያው ነው። ጫቱን ተው፤ ከዚያ ጠመንጃውን እናስብበት።

የሥራ ባልደረባዬ የድሮ ሬሚንግተን 742 በ400 ዶላር ልሽጥልህ ይለኛል። ልግዛው? (ከዴንቨር)

እጅህ ውስጥ የእጅ ባትሪ ሳይኖር አትግዛው።

742 ከ1960 እስከ 1980 የተሠራ ጠመንጃ ነው። ብዙ አጋዘን የጣለ፣ ቀላልና ለትከሻ የሚመች ነው። የታወቀ ድክመት ግን አለው። የቦልቱ ራስ ብዙ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። ጠመንጃው በሠራ ቁጥር እነዚያ ጥርሶች ቦልቱ የሚሄድበትን የውስጥ ሐዲድ ይመቱታል። ከብዙ ጥይት በኋላ ሐዲዱ ይበላል፤ ከዚያ መንከስ ይጀምራል። የተበላ ሐዲድ በቀላሉ አይጠገንም፤ የፋብሪካ መለዋወጫም ከቆመ ቆይቷል።

ቦልቱን ክፈት፣ ባትሪህን አብራ፣ በሁለቱም ጎን ሐዲዱን እይ። ለስላሳ ብረት ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ብቻ ካለ ደህና ነው። ጠርዙ እንደ መጋዝ የተነከሰ ከሆነ፣ አመስግነህ መልስለት። የጥይት ቤቱንም እየው፤ ዝገት የቦረቦረው ከሆነ ያው ነው። ንጹሕ ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ በዓመት አንድ ሳጥን ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ገና ብዙ ዘመን አለው።

ወንድሜ ሥራ ስለሚበዛበት ጠመንጃ በራስህ ስም ግዛልኝ ይላል። ሌላው ወንድሜ ደግሞ አገር ቤት ላለው አጎታችን እንላክለት ይላል።

ሁለቱንም እምቢ በል።

በገንዘቡ ለሌላ ሰው መግዛት ገና ቅጹ ሲጀምር የሚጠየቅ ነገር ነው፦ "እውነተኛው ገዥ አንተ ነህ?" ከ2022 ጀምሮ ለሌላ ሰው አስመስሎ መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ወንድምህ ራሱ ሱቅ ይሂድ። ወደ አገር ቤት መላክ ደግሞ የአሜሪካ የወጪ ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያም በኩል በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት ክልክል ነው። በሻንጣ፣ በኮንቴይነር፣ በሰው እጅ፤ በምንም አትሞክሩት። ለአጎታችሁ ጥሩ ካፖርት ላኩለት።

አባቴ ምንሽሩን በሞራ ነበር የሚወለውለው፤ አንድ ቀን ዝጎ አያውቅም። እኔም ልቀባው? እዚህ ብርዱ ከባድ ነው። (ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

የአባትህን ትጋት ውረስ፣ ሞራውን ተወው። ያ ጠመንጃ በእጅ ነው የሚቀባበለው፤ ትንሽ ቢከብድም ክንድ ይገፋዋል። የአንተን የሚገፋው ጋዝና ሞላ ናቸው። ስብ በብርድ ይረጋል። ቅቤ ውጭ ያደረ ጊዜ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ቦልቱ ውስጥ የሆነው ያው ነው። የመሣሪያ ዘይትም ቢሆን ከበዛ በሚኒሶታ ጠዋት ይወፍራል። ሁለት ሦስት ጠብታ ቦልቱ በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ አድርገህ በጨርቅ ጥረገው፤ ብረቱ ወዛም መስሎ እንዲታይ ብቻ።

ከብርዱ በላይ የሚያዝገው ሙቀቱ ነው። መነጽር የምታደርግ ከሆነ ከውጭ ስትገባ እንዴት እንደሚሸፈን አይተሃል። ጠመንጃውም ውስጥና ውጭ እንዲያ ያልበዋል። ሙቅ ቤት አስገብተህ ወዲያው ቆልፈህ አትተኛ። ከነማቀፊያው እንደተዘጋ ጥግ ላይ አስቀምጠው፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ከዚያ አውጥተህ አድርቀው፣ ቀባው፣ ሳጥኑ ውስጥ አቁመው። ማቀፊያው ውስጥ ግን አታክርመው፤ ስፖንጁ እርጥበት ይይዛል።

ስንት ጥይት መያዝ ይፈቀዳል?

እንደ ስቴቱ ነው። ኮሎራዶና ሚሺጋን ለትልቅ አደን በግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ካዝናውና የጥይት ቤቱ ተደምሮ ከ6 አይበልጥም ይላሉ። ፔንሲልቬንያ በ2017 ግማሽ አውቶማቲክን ለትናንሽ እንስሳት ስትፈቅድ ለአጋዘን ክልከላውን አላነሳችም። በሜሪላንድ አንዳንድ ካውንቲዎች ደግሞ ለአጋዘን የጠመንጃው ዓይነት ራሱ ይገደባል። ከጓደኛ አትስሙ። የየስቴታችሁ የዘንድሮው የአደን መመሪያ በነጻ ይገኛል፤ እሱን አንብቡ።

ማማ ላይ ሆኜ ሳቀባብል ድምፁ አጋዘኑን ያስደነግጣል። ቦልቱን በእጄ ይዤ ቀስ አድርጌ ብዘጋውስ? (ከቻርሎትስቪል)

አይሆንም። ቦልቱ ሙሉ በሙሉ ዞሮ እንዲቆልፍ የሞላውን ሙሉ ኃይል ይፈልጋል። በእጅ ስታለሳልሰው ፀጉር ታህል ሳይገጥም ይቀራል፤ ምላጩን ስትስብ አይተኮስም። ማማው ላይ ከወጣህ በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አዙረህ ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው ሳብና ልቀቀው። ድምፁ ይሰማል። ጫካው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይረሳዋል። ስትወጣና ስትወርድ ግን ባዶውን በገመድ ሳበው፤ አቀባብለህ መሰላል አትውጣ።

አንዲቷን ጥይት ደግሞ ጠዋት እያጎረስክ ማታ እያወጣህ ሳምንቱን ሙሉ አትመላለስባት። ቦልቱ በመታት ቁጥር እርሳሷ ወደ ቀለሁ ውስጥ ትገፋለች። ከጓደኞቿ ጎን አቁመህ ለካት፤ አጥራ ካገኘሃት አትተኩሳት።