ከርዳዳ ፀጉራችሁን ስለማጠብ

ውድ ወጣቶች፣

በፀጉር ሥራ 31 ዓመት ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንበሬ ላይ ከተቀመጡ ልጃገረዶች ደጋግሜ የሰማሁት «ፀጉሬ አስቸጋሪ ነው» የሚለውን ነው። አንዳንዶቹ ይህን የሚናገሩት፣ ከርዳዳ ፀጉር ይዘው መምጣታቸው እኔን መበደል የሆነ ይመስል፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው። ያ አነጋገር ዛሬም ያሳዝነኛል። አስቸጋሪ ከተባሉት ፀጉሮች አብዛኞቹ ውሃ የተጠሙ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ያስጠማቸውም ብዙ ጊዜ የእኛው አስተጣጠብ ነበር።

ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ ሳይቸገር እስከ ጫፍ ይወርዳል። በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን በየጥምዝምዙ እየተያዘ ከሥሩ ብዙም ሳይርቅ ስለሚቀር፣ ሥሩ ወዛም ሆኖ ሳለ ጫፉ ይደርቃል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ዘለላ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ልባስ አለው፤ ይህ ልባስ ተኝቶ ሲገጥም ፀጉሩ ለእጅ ይለሰልሳል፣ ሲነሣ ግን ይሻክራል፣ ከአጠገቡ ካለው ዘለላ ጋርም ይያያዛል። የራስ ቆዳችን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) 5.5 አካባቢ ሲሆን የደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ ልባሱን የሚያስነሣውም ይህ ልዩነት ነው። ስለዚህ በሳሙና ታጥቦ በጣት ሲነኩት የሚንጫጫው ፀጉር በደንብ የጸዳ ቢመስለንም፣ ወዙን ጨርሶ የተገፈፈ ፀጉር ነው።

ድሬዳዋ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህ ነገር ጎልቶ ታይቶኛል። የከተማው ውሃ የሚወጣው ከኖራ ድንጋይ መሐል ስለሆነ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ ሳሙናም በቀላሉ አረፋ አያወጣበትም። ሳሙናውና ካልሲየሙ ተዋሕደው የሚፈጥሩት ዝቃጭ ፀጉር ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር፣ ደንበኞቼ ታጥበው ሲደርቁ ፀጉራቸው ከመታጠባቸው በፊት ከነበረው ይልቅ የደነዘዘና የሻከረ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ውሃ ያለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ደረቅ ሳሙናን ከራሳችሁ አርቁ፤ ለመጨረሻው ማለቅለቂያም ፈልቶ የቀዘቀዘና የጠለለ ውሃ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ እጃችን እንምጣ፤ ከምርቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እጅ ነውና። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የአንዲት ደንበኛዬን ረጅም ፀጉር አናቷ ላይ ሰብስቤ እንደ ልብስ አሸሁት። ሳለቀልቀው ፀጉሩ እርስ በርሱ ተቋጥሮ አንድ ድብልቅ ሆኖ ነበር። ሲፈታ ከሰዓት በኋላው በሙሉ አለቀ፤ ያልተፈታውንም በመቀስ ቆረጥኩት። ልጅቱ ምንም አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ፀጉሯን ሳልከፋፍል አጥቤ አላውቅም።

እናንተም ፀጉራችሁን ከ4 እስከ 6 ቦታ ክፈሉና እያንዳንዱን ክፍል ላላ አድርጋችሁ ጎንጉኑት። ለብ ያለ ውሃ ለረጅም ጊዜ አፍስሱበት፤ ከርዳዳ ፀጉር ሲታይ የራሰ ይመስላል እንጂ ውሃው እንደ ኮባ ቅጠል ጠብታ ላዩን እየተንከባለለ ሊሄድ ይችላል። ሻምፖውን ለራስ ቆዳ ብቻ ስጡት፤ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ እሹት። አረፋው ቁልቁል ሲወርድ ዘለላውን ያጥበዋልና ጫፉን ለብቻው መፈተግ አያስፈልግም። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ ለአብዛኞቻችሁ ይበቃል።

ኮንዲሽነር ላይ አትሰስቱ። የታጠበ፣ በተለይም የተጎዳ ፀጉር ኔጌቲቭ ቻርጅ ይኖረዋል፤ ኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት ለስላሳ ንጥረ ነገሮች ፖዘቲቭ ስለሆኑ ተስበው በተጎዳው ቦታ ላይ ይለጠፋሉ፣ የተነሣውን ቅርፊትም ያስተኛሉ። የተጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ የጠገበው ጫፉ ነው፤ ስለዚህ ከጫፍ ጀምሩ። ፀጉሩ በኮንዲሽነር ተንሸራታች ሆኖ ሳለ በመጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ በተራራቀ ሚዶ ከጫፍ ወደ ሥር እየወጣችሁ ፍቱት። ሉጫ ፀጉር በእርጥቡ ሲበጠር ይበጠሳል ይባላል፤ የእኛ ግን የሚበጠሰው በደረቁ ስንታገለው ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆዩትና አለቅልቁት። በወር አንድ ጊዜ ወፍራም ትሪትመንት ቀብታችሁ፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ፣ ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋ የፀጉር ማድረቂያ) ሥር ወይም በሙቅ ፎጣ 20 ደቂቃ ብትቆዩ ደግሞ ልዩነቱን እጃችሁ ይነግራችኋል።

ስለ ቅቤ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ በአደስ አሽተው አናት ላይ ሲያኖሩ፣ በሻሽ አስረውም ፀሐይ ሲሞቁ አይቻለሁ፤ በዚህ ልማድ አላፍርም፣ እናንተም እንድታፍሩበት አልፈልግም። ከመታጠብ በፊት ፀጉርን ቅባት መቀባት ውሃ በአንድ ጊዜ ገብቶ እንዳያሳብጠው ይከላከልለታል። ይሁን እንጂ ቅቤም ሆነ ዘይት በራሱ እርጥበት አይደለም፤ ያለውን እርጥበት ይዞ ያቆያል እንጂ። በደረቀ ፀጉር ላይ በየቀኑ ዘይት የምትጨምሩ ልጆች ድርቀቱን ከውስጥ ዘግታችሁበት ውሃ እንዳይገባ ትከለክላላችሁ። ቅደም ተከተሉ ውሃ፣ ከዚያ ሳይታጠብ ፀጉር ላይ የሚቀር ክሬም፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ዘይት ነው።

ከታጠባችሁ በኋላ በፎጣ አትፈትጉት፤ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጠቅልላችሁ ውሃውን ጭመቁ። እርጥብ ዘለላ ይሳባል፣ ሲሳብም ይደክማል፤ ስለዚህ ሹሩባ ከተሠራችሁ ግንባርና ጆሮ አካባቢ ላላ ይበል። የሚያሳምም ሹሩባ ሥሩን ይነቅላል፤ ለዓመታት ሲደጋገም ግንባሩ ላይ የጠፋው ፀጉር ላይመለስ ይችላል። ሌሊት የሳቲን ሻሽ እሰሩ፤ የጥጥ ትራስ ልብስ ያሻክረዋል፣ እርጥበቱንም ይመጥበታል።

ብዙዎቻችሁ የታናሽ እህቶቻችሁን ፀጉር የምታጥቡት እናንተ ናችሁ። ልጅቷ ሚዶ ስታይ የምትሸሽ ከሆነ ከዚህ ቀደም በደረቁ ተበጥራለች ማለት ነው። ጭናችሁ መሐል አስቀምጧትና በአንድ እጃችሁ ሥሩን ያዙላት፣ በሌላው ከጫፍ ጀምሩ፤ ማልቀስ ስትጀምር ሚዶውን አስቀምጡና ውሃና ኮንዲሽነር ጨምሩ።