ገንዘቡን መለሰችልኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ47 ዓመት ሰው ነኝ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ በጣም የምወዳት ልጅ ነበረች። ያኔ ኪሴ ባዶ ነበር። ቤተሰቦቿ ምን ይሉኛል፣ እሷስ እስከ መቼ ትታገሰኛለች እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩና አንድ ቀን ሳልሰናበታት ጠፋሁ። ሰው ሆኜ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሰውም ሆንኩ፤ ዛሬ ድርጅት፣ ሕንፃ፣ መኪና፣ ሁሉም አለኝ። አግብቼ ነበር፣ ተፋትተናል። የእሷም ትዳር ፈርሶ ልጇን ብቻዋን እንደምታሳድግ ከአንድ የጋራ ወዳጃችን ሰማሁ። በእሱ በኩል የልጇን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ሳታውቅ ከፈልኩላት። ስታውቅ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መለሰችልኝ፣ አንዲት ቃል እንኳን አልጻፈችም። አሁን ተከራይታ የምትኖርበትን ቤት ገዝቼ በስሟ ላዞርላት አስቤአለሁ። እየተግደረደረች ነው ወይስ የእውነት ጠልታኛለች? ያቺን ፈገግታዋን ሳላይ መሞት አልፈልግም።
(ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቤቱን አትግዛ። የቀረውን ቀስ ብለን እናወራለን፣ ይሄን ግን መጀመሪያ ያዝልኝ።

እየተግደረደረች አይደለም። የምትግደረደር ሴት አንድ ቃል እንኳን ትልክብህ ነበር። እሷ እኮ ልጅ ብቻዋን እያሳደገች ነው ያን ሁሉ ገንዘብ አንድም ሳታስቀር የመለሰችው። (ምናልባት ተበድራ ይሆናል፣ አስበኸዋል?)

ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል፣ ለሌላ ጉዳይ ሠርቶልህ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን መንገዱን የዘጋብህ ያው ብሩ ነው። ቤት በስሟ ያዞረላትን ሰው እንዴት ብላ «አልፈልግህም» ትለዋለች? ይሉኝታ ይይዛታል፣ ውለታው ይከብዳታል። እሺ ብትልህስ፣ ወዳህ ይሁን ከብዷት በምን ታውቃለህ? ያ ጥርጣሬ እንቅልፍ የሚነሳው ደግሞ አንተኑ ነው። ገንዘቡን የመለሰችው እምቢ ማለት እንድትችል ይመስለኛል፣ እኔ በበኩሌ አደነቅኳት።

ወደ መጥፋትህ ልምጣ። «ሳልሰናበታት ጠፋሁ» ብለህ በአንድ መስመር አለፍከው። ደብዳቤህን አሳጥረን ነው ያተምነው፣ ሙሉው ላይ ስለ መኪኖችህ ብቻ አንድ ገጽ የሚጠጋ አለ! ለእሷ ግን ዋናው ታሪክ ያቺ አንዷ መስመር ናት። ትታገሰኝ ይሆን ብለህ እሷን አልጠየቅካትም፣ ራስህ ፈረድክላትና ሄድክ። ያኔ ደሃ ስለሆንኩ አትፈልገኝም አልክ፣ ዛሬ ደግሞ ሀብታም ስለሆንኩ ትፈልገኛለች እያልክ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ የለካሃት በገንዘብ ነው።

ተለያይቶ መመለስ አይቻልም እያልኩህ አይደለም። ናንሲ ካሊሽ የሚባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ከዓመታት በኋላ እንደገና የተገናኙ የድሮ ፍቅረኞችን አጥንተዋል። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ነው የጠየቁት፣ አብረው የዘለቁም ብዙ ናቸው። ታዲያ ከእነዚህ ብዙዎቹን በወጣትነታቸው የለያያቸው የወላጅ ተቃውሞ ነበር። ያንተን ግን የለያየው ሌላ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምታወራርደው ነገር አለህ።

ናፍቆትህ የእውነት ነው፣ አልጠራጠርም። ፍቅርን ያጠኑት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ሄለን ፊሸርና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆቹ 2010 ባወጡት ጥናት፣ ፍቅረኛቸው ትቷቸው ገና ያልወጣላቸው 15 ሰዎች የዚያን ሰው ፎቶ ሲያዩ አንጎላቸው በኤምአርአይ ታይቶ ነበር። ከነቁት ክፍሎች መካከል ከኮኬይን ሱስ ጋር የተያያዙት ይገኙበታል። ሰውነትህ «አምጣት» ቢልህ አይገርምም፣ ግን ያ ስሜት ስለ አንተ እንጂ ስለ እሷ ምንም አይነግርህም። ዛሬ ምን ትሠራለች? ምን ያስቃታል? ምን ያናድዳታል? በደብዳቤህ ውስጥ ያለችው የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ናት፣ ገንዘቡን የመለሰችው ግን ሌላ ሴት ናት።

እንግዲህ ካልክ አንድ ደብዳቤ ጻፍላት። አንድ ብቻ። ስጦታ የለ፣ አበባ የለ፣ ስለ ንብረትህ አንዲት ቃል የለ። ለምን እንደጠፋህ በግልጽ ንገራት፣ «ለአንቺ ብዬ ነው» የምትለዋን ነገር አውጣት፣ አፍረህ ነው የጠፋኸው። ሳትጠይቃት ለልጇ ለከፈልከውም ይቅርታ ጠይቅ። መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለባት ጨምርበትና ስልክህን ከታች አስቀምጥ። ከዚያ ዝም በል። ደወለች፣ ተገናኙና ከናፈቅካት ይልቅ የዛሬዋን ሴት ለመተዋወቅ ሂድ። ካልደወለች መልሱ ያ ነው፣ በሰው አታስለምን፣ በሰፈሯ አትመላለስ።

ለዚያ የጋራ ወዳጃችሁም ዛሬውኑ ደውልለትና ስለ እሷ ወሬ ማምጣቱን እንዲያቆም ንገረው።